የማትሪክ ገበያ በጉዱማሌ፦ ድጎማው ከወደቁ በኋላ ይደርሳል

የ12ኛ ክፍል ፈተና በሐዋሳ እንደ ቡና ሁሉ የራሱ ወቅት አለው። የሲዳማ ቡና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ተለቅሞ ገንዘቡ ገበሬው እጅ ሲገባ፣ ልጁን ወደ ከተማ ልኮ የሚያስተምር ወላጅ የቤት ኪራዩንና የማጠናከሪያ ትምህርቱን ክፍያ የሚያሰላው ያኔ ነው። ጨምባላላ በጉዱማሌ ተከብሮ ሲያበቃ ደግሞ ለፈተናው የሚቀረው ጊዜ በጣት የሚቆጠር ወር ነው። ቲቶሪያል ፈላጊው የሚበዛው፣ አስጠኚውም ቀኑ የሚሞላበት በእነዚህ ወራት ነው።

ጉዱማሌ በሐይቁ ዳር ያለ ሰፊ የአደባባይ ስፍራ ነው። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የፊቼ ጨምባላላ በዓል የሚከበረው እዚሁ ነው። ዙሪያውን የሆቴልና የመዝናኛ ባለሀብት ዓይኑን የጣለበት ሠፈር ይሁን እንጂ፣ ከገጠር ወረዳዎች መጥቶ አንዲት ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይቶ የሚማረው ወጣትም ከዚህ ከተማ ነዋሪዎች አንዱ ነው። ለመሆኑ የዚህን ልጅ የዩኒቨርሲቲ ዝግጅት ማን ይከፍላል? መንግሥት ለዚህ የመደበው ገንዘብ ካለስ በየትኛው በር ተገብቶ ይጠየቃል?

ጥያቄው የነጋዴ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ የገበያውን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል።

እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ የሚቆረጠው ዩኒቨርሲቲዎቹ ባላቸው ቦታ ልክ ነበር። በገበያ ቋንቋ፣ ዋጋውን የሚወስነው አቅርቦቱ ነበር ማለት ነው። ቦታው ሲሰፋ ነጥቡ ዝቅ ይላል፣ ሲጠብ ከፍ ይላል። ይህ አሠራር የተለወጠው የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲፈተኑ ሲደረግ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር 50 በመቶ ያላመጣ በቀጥታ አይገባም አለ። ፈተናውን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች መካከል ያለፉት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. 845,099 ተፈትነው 27,267 አለፉ። በ2016 ዓ.ም. ያለፉት 36,409፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 ሆነዋል። የመጨረሻው 8.4 በመቶ ነው። ያለፉት ሲደመሩ በአራት ዓመት 142,514 ይሆናሉ። በ2014 ዓ.ም. ብቻ ከመስመሩ በታች የቀሩት ግን 866,611 ነበሩ።

ይህን ያህል ብርቅ የሆነ ዕቃ ዋጋው መወደዱ አይቀርም። ገንዘብ ያለው ወላጅ ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስጠና መምህር ቤት ድረስ ያስመጣል፣ አጋዥ መጻሕፍት ይገዛል፣ ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ያዛውራል። ፈተናው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ሲጀምር ደግሞ ሌላ ወጪ ተጨመረ፤ ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ከጥያቄው ጋርም ከመሣሪያውም ጋር ይታገላል። ገንዘብ የሌለው ወላጅ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን ይዞ ይጠብቃል።

የወደቀው ወዴት ይሄዳል? ሐዋሳ ለዚህ አንድ መልስ ነበራት። በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከሲዳማና ከአካባቢው የመጡ ብዙ ሺህ ወጣቶችን፣ በተለይ ሴቶችን፣ በልብስ ስፌት አሠማርቷል። ደመወዙ ግን አነስተኛ ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ጠቅሶ፣ በዓለም ዝቅተኛው ነው ብሎታል። ፓርኩን ካቋቋሙት ዋነኛ ኩባንያዎች አንዱ የነበረው ፒቪኤች እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 መውጣቱን አስታወቀ። በጥር 2022 ደግሞ አሜሪካ የአጎዋን ዕድል ዘጋች። ማትሪክ የወደቀ ልጅ ይይዘዋል የተባለው በርም በዚያው ልክ ጠበበ።

እዚህ ላይ መንግሥት ምንም አላደረገም ማለት ሐሰት ይሆናል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛና 12ኛ ክፍልን መሰናዶ ብሎ የሰየመው ለዚሁ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ለዩኒቨርሲቲ ማዘጋጀት ራሱ በመንግሥት ወጪ የሚካሄድ ሥራ ነበር። ቀጥሎ በ2001 ዓ.ም. የዓለም ባንክና ሌሎች ለጋሾች ያሉበት የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ሲጀመር፣ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ የሚሰላ ድጎማ እንዲያገኙ ተደረገ። ትምህርት ቤቱ የማሻሻያ ዕቅድ ያወጣል፣ ወላጆችና መምህራን ይወያዩበታል፣ ገንዘቡ በዕቅዱ መሠረት ይወጣል። አገሪቱ «አመልክተህ ውሰድ» ለሚለው አሠራር በጣም የቀረበችው በዚህ ነው። ሆኖም ድጎማው በራስ የሚታደል ነው። ሺህ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት የሺህ ይወስዳል፤ ከሺው ውስጥ ስንቱ ምሳ ሳይበላ እንደሚማር ስሌቱ ውስጥ አይገባም።

ከሁሉም ይበልጥ የሚታወቀው በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ነው፤ በገበያው አጠራር ሪሚዲያል። 29,909 ተማሪ የአገሪቱን ዩኒቨርሲቲዎች ሊሞላ ስለማይችል፣ ከ50 በመቶ በታች ያመጡት ነጥባቸው ከላይ ወደ ታች ተደርድሮ የተወሰኑት ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ለጥቂት ወራት እንዲማሩ ተደረገ። ከዚያ ተቋሙ ከ30፣ ማዕከላዊው ፈተና ከ70 ይይዛሉ፤ ከመቶው 50 ያመጣ አንደኛ ዓመት ይገባል። በመንግሥት ግቢ የተመደበው ማደሪያና ምግብ ነበረው። ነጥቡ ያልደረሰለት በግል ኮሌጅ ከፍሎ እንዲማር በር ተከፈተ፤ ለኮሌጆቹም ይህ ያልጠበቁት ደንበኛ ሆነላቸው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሪሚዲያል የሚጠይቀው ነጥብ እንጂ ድህነትን አይደለም። ለሴቶች፣ ለታዳጊ ክልሎችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ልጆች፣ ለአካል ጉዳተኞችም መቁረጫው ዝቅ ይላል፤ ይህ ተገቢ ነው። የወላጅ ገቢ ግን የትም አይጠየቅም። ጉዱማሌ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚማረው የቡና ገበሬ ልጅና የባለ ሆቴሉ ልጅ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። አንደኛው ሁለት ዓመት ሲጠና ቆይቶ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከትምህርት መልስ ሲሠራ ቆይቶ። በዚያ ላይ ድጎማው የሚደርሰው ልጁ ፈተናውን ከወደቀ በኋላ ነው፤ ያውም ለጥቂት ነጥብ ብቻ ለወደቀው። በጣም ዝቅ ብሎ የወደቀው፣ ማለትም ዝግጅቱ ከማንም በላይ የጎደለው፣ ከመንግሥት ምንም አያገኝም።

ገንዘቡን ከፈተናው በፊት የሚያወጣ አገር አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣችው የድህነት መዋጊያ ሕግ መነሻነት አፕዋርድ ባውንድ የተባለ ፕሮግራም አቋቋመች፤ በኋላ ከተጨመሩት እህት ፕሮግራሞች ጋር ትሪዮ ይባላል። ገንዘቡን ተማሪው አይጠይቅም። ዩኒቨርሲቲው፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ወይም የአካባቢው ድርጅት ማመልከቻ ጽፎ ይወዳደራል፤ ያሸነፈ ለአምስት ዓመት ይመደብለታል። ግዴታው ግልጽ ነው። ከሚያስተምራቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁለት ሦስተኛው ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነና ከወላጆቻቸው አንዱም ዲግሪ የሌለው መሆን አለባቸው። ልጆቹ ከትምህርት ሰዓት ውጭና ቅዳሜ ይጠናሉ፣ በክረምት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አድረው ይማራሉ። ሕጉ አነስተኛ የኪስ ገንዘብም ይፈቅዳል፤ በትምህርት ወራት በወር እስከ 40፣ በክረምት እስከ 60 ዶላር። የደሃ ልጅ ሲማር የሚያጣው ገቢ እንዳለ ሕግ አውጪዎቹ ገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ለትሪዮ ፕሮግራሞች በጠቅላላው 1.19 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተመድቦ ነበር።

ከዚህ ገንዘብ ለመድረስ የሚጻፈው ማመልከቻ ግን የዋዛ አይደለም። በጨረታ ሳጥን ዙሪያ የከረመ ነጋዴ ታሪኩን ሲሰማ የራሱን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ከ70 በላይ ማመልከቻዎችን ሳያነብ ጣለ። ምክንያቱ በአብዛኛው የቅርጽ ጉድለት ነበር። ለምሳሌ የአንዳንዶቹ ሠንጠረዥና ሥዕል ውስጥ ያለው ጽሑፍ በመስመሮቹ መካከል የታዘዘውን ያህል ክፍተት አልነበረውም። ለብዙ ዓመታት ልጆች ሲያዘጋጁ የቆዩ ተቋማት ጭምር በዚህ ሰበብ ሊዘጉ ደረሱ። የምክር ቤት አባላት ከጮኹ በኋላ ሚኒስትሯ ቤትሲ ዴቮስ ማመልከቻዎቹ እንዲነበቡ ፈቀዱ። እዚህ አገር ማኅተም ጎደለው ወይም ሲፒኦው በአንድ ቀን ዘገየ ተብሎ ከጨረታ የወጣ ሰው በሰው አገር ጓደኛ አለው ማለት ነው። ገንዘቡም ዘላለማዊ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ዋይት ሃውስ ያቀረበው የበጀት ሐሳብ ትሪዮን ጨርሶ እንዲቀር የሚጠይቅ ነበር።

የአሜሪካው መንገድ ለኢትዮጵያ ግምጃ ቤት ከባድ ነው የሚል ይኖራል። በከፊል ልክ ነው። ነገር ግን የሪሚዲያል ተማሪ ማደሪያ፣ ምግብና መምህርም ወጪ ነው። ልዩነቱ ገንዘቡ የሚወጣበት ጊዜና የሚጠየቀው መስፈርት ላይ ነው። ሐዋሳ ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚሆን ዕቃ የሌላት ከተማ አይደለችም። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነው የግብርና ኮሌጅ ከ1969 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያለ ነው። የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ተፈታኞችን አሳድረው እንዲፈትኑ የተደረጉ ናቸው። ለፈተና ሳምንት የሚከፈት ማደሪያ ለክረምት ትምህርት የማይከፈትበት ምክንያት በጀት እንጂ ግንብ አይደለም።

እስከዚያው በጉዱማሌ ዙሪያ ያለ ባለሀብት ለደሃ ልጆች ነፃ ቲቶሪያል ላቋቁም ቢል ከመንግሥት ድጎማ የሚያመለክትበት መስኮት አይጠብቀው። የሚጠብቀው የታክስ ሒሳብ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ለበጎ አድራጎት የሚሰጥን ስጦታ ከታክስ ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ሳያልፍ በወጪነት እንዲያዝ ፈቅዷል። ሆኖም ስጦታው ሕጋዊ ለሆነ የበጎ አድራጎት ተቋም ወይም ለመንግሥት ጥሪ ሊሆን ይገባል። ለጎረቤት ልጅ አስጠኚ በእጅ የተከፈለ ብር ጽድቅ ይሆናል እንጂ ደረሰኝ አይሆንም። ራሱ ማኅበር ማቋቋም የሚሻም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲሠራ ይፈቅድለታል፤ ትርፉን ለዓላማው እስካዋለ ድረስ። ከፋዩን አስከፍሎ በዚያ ደሃውን በነፃ ማስጠናት በዚህ መንገድ ይቻላል።

ከሁሉ የሚቀርበው ግን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ዕቅድ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ለከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚቀርበው ዕቅድ ከዚያ በፊት መዘጋጀት አለበት። የቅዳሜ ትምህርት፣ የአስጠኚ አበል፣ የኮምፒዩተር ልምምድ እያለ በዕቅዱ ያልተጻፈ ነገር በጀት አይጠየቅበትም። ነጋዴ ወላጆች የወላጅና የመምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ ለአጥር ወይም ለወንበር መዋጮ ሲጠሩ ነው።