ሐዲዱ ሲነቀል የደራው ገበያ

በንግድ ዓለም ፍጥነት ገንዘብ ነው ይባላል። ቶሎ የደረሰ ጭነት ቶሎ ይሸጣል፤ ቶሎ የተመለሰ መኪናም ሌላ ጭነት ያነሳል። በኒውዚላንድ ደቡባዊ ደሴት፣ ሴንትራል ኦታጎ በሚባለው ተራራማ አካባቢ ግን ከ25 ዓመት በላይ የቆየ አንድ ንግድ አለ። ትርፉ የሚመጣው ደንበኛው ቀስ ሲል ነው። ደንበኛው ብስክሌተኛ ሲሆን፣ የሚጓዝበትም መኪና የማይገባበት የቀድሞ የባቡር መስመር ነው።

ከክላይድ ተነስቶ ሚድልማርች የሚያበቃው ይህ መንገድ 152 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከአዲስ አበባ እስከ ዝዋይ ካለው ርቀት ጥቂት ቢያንስ ነው። ኬላ የለውም፣ ትኬት ቆራጭም የለውም። ብስክሌት ያለው ሁሉ ያለ ክፍያ ይገባል። ታዲያ በነፃ ከሚሰጥ ነገር ገበያ እንዴት ይገኛል?

ሁለት ደንበኛ ያጡ መንደሮች

በ1860ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በኦታጎ ወርቅ ተገኝቶ ሕዝብ ወደ አካባቢው ጎረፈ። የባቡር መስመሩ ሥራ በ1879 ተጀምሮ በ1907 ክላይድ፣ በ1921 ደግሞ ክሮምዌል ደረሰ። ባቡሩ በግ፣ ሱፍና ፍራፍሬ ወደ ወደብ ያወርድ ነበር። በየጣቢያው ዙሪያ ሱቅ፣ መጠጥ ቤትና መጋዘን ተከፈተ፤ መንደሮቹም በባቡሩ እጅ አደጉ።

የጭነት መኪና ሲመጣ የባቡሩ ገቢ መነመነ። በክላይድ ታላቅ የኃይል ማመንጫ ግድብ ለመሥራት ሲታሰብ ከክላይድ እስከ ክሮምዌል ያለው ክፍል በ1980 ተዘጋ። የቀረው መስመር ለግድቡ ዕቃ በማመላለስ ጥቂት ዓመታት ከቆየ በኋላ፣ ሥራው ሲያልቅ በ1990 ከክላይድ እስከ ሚድልማርች ያለው መስመር በሙሉ ተዘጋ።

ችግሩ ብቻውን አልመጣም። የኒውዚላንድ መንግሥት ከ1984 ጀምሮ ለገበሬው ይሰጥ የነበረውን ድጎማ አነሳ። በ1982 ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋው የአገሪቱ በግ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን በታች ነው። በግ ሲያንስ ሸላቹም፣ ነጂውም፣ ሱቅ የሚገባውም ሰው ያንሳል። መንደሮቹ በአንድ ጊዜ ባቡሩንም ገበሬውንም አጡ ማለት ነው።

የተነቀለውን ሐዲድ መሬት በ1993 የአገሪቱ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተረከበ። በማግሥቱ ዓመት የአካባቢው ሰዎች ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ከሐዲዱ ሥር የነበረው ሻካራ ድንጋይ ተነስቶ ደቃቅ ጠጠር ተነጠፈ፤ ከ60 በላይ ድልድዮች ሳንቃ ለብሰው መደገፊያ ተበጀላቸው። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር የተከፈተው በ2000 ነው። ከመስመሩ አጠገብ ያሉ አንዳንድ ገበሬዎች መጀመሪያ ላይ ሐሳቡን አልወደዱትም፤ በሩን ከፍቶ የሚሄድ፣ በጉን የሚያስደነብር እንግዳ ፈርተው ነበር። በኋላ ግን የበግ ሸላቾች ያድሩበት የነበረ ቤት ሳይቀር ለብስክሌተኛ ተከራየ።

ባቡር ያላሰበው ስጦታ

የዱሮ ባቡር ዳገት አይወድም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ መስመሩን ሲቀይሱ በጣም በከፋው ቦታ እንኳ ከ50 ሜትር ጉዞ ከ1 ሜትር በላይ እንዳይወጣ አድርገው ነበር። የመንገዱ ከፍተኛ ቦታ 618 ሜትር ላይ ቢሆንም ተጓዡ መውጣቱን ልብ የሚለው ዘወር ብሎ ሲያይ ነው። ፑልበርን ገደል ላይ 37 ሜትር ከፍታ ያለውን ድልድይ ይሻገራል፤ ዋሻዎቹ ውስጥ ደግሞ ጨለማ ስለሆነ ባትሪ ይይዛል።

ይህ ለገበያው ትልቅ ትርጉም አለው። ተራራ ላይ ብስክሌት መንዳት የጎረምሳ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የጡረተኛም ሆነ። ጡረተኛ ደግሞ ጊዜና ጥሪት አለው፤ ድንኳን ተሸክሞ ከመሄድ ይልቅ አልጋ ይከራያል። በባትሪ የሚታገዝ ብስክሌት ከመጣ ወዲህ የደንበኛው ክልል ይበልጥ ሰፍቷል።

ሂሳቡ የሚሠራው በአዳር ነው

በአካባቢው የሚያልፍ መኪና ይህን ርቀት በሁለት ሰዓት ያህል ይጨርሰዋል። ለመንደሮቹ የሚተወው ቢበዛ የአንድ ቡና ዋጋ ነው። ብስክሌተኛው ግን በአብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈጅበታል። በነዚህ ቀናት ይራባል፣ ይጠማል፣ ይደክመዋል። ቁርስ፣ ምሳና እራት ይበላል፤ ሌሊቱን አልጋ ይፈልጋል። ሻንጣውን ራሱ መሸከም ስለማይሻ መኪና ቀድሞ ያደርስለታል። ብስክሌት ከሌለው ይከራያል። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ደግሞ የራሱ መኪና የቀረው መነሻው ላይ ስለሆነ ሚኒባስ ይመልሰዋል። መንገዱ ነፃ ሆኖ በመንገዱ ዳር ያለው ሁሉ በዋጋ ነው።

ሌላው ጥቅም ገቢው አንድ ቦታ አለመከማቸቱ ነው። የሰው ጉልበት ልክ ስላለው ላውደር፣ ኦቱሬሁዋና ዋይፒያታን የመሳሰሉ ጥቂት ቤት ያላቸው መንደሮች ሳይቀሩ ከምሳው ወይም ከአልጋው ድርሻ ያገኛሉ።

ለዚህ ማነፃፀሪያ የሚሆን ሌላ መንገድ እዚያው ክላይድ አለ። ለባቡሩ የመጨረሻ ሥራ የሰጠው ግድብ በ1992 እና በ1993 ውሃ ሞልቶ የዳንስታንን ሐይቅ ሲፈጥር የክሮምዌልን አሮጌ መንደር በከፊል አሰጠመ። በ2021 በዚህ ሐይቅ ዳር ከክሮምዌል እስከ ክላይድ የብስክሌት መንገድ ተከፈተ። በአንዳንድ ቦታ መንገዱ ከገደሉ ላይ በብረት ታስሮ ከውሃው በላይ የተንጠለጠለ ነው። በውበቱ አሮጌውን መስመር ሳያስከነዳ አይቀርም። ነገር ግን በአንድ ቀን ያልቃል። የአንድ ቀን መንገድ የሚሸጠው ምሳ ነው፤ የአራት ቀን መንገድ ግን ሦስት አዳር ይሸጣል። የዚህ ንግድ ሚዛን ኪሎ ሜትር ሳይሆን አዳር ነው።

ማን ይጠግነው?

መንግሥትም ይህን ስሌት አይቶታል። በ2009 የዓለም ገንዘብ ቀውስ ሥራ አጥነትን ሲያባብስ የጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ኪ መንግሥት በአገሪቱ ሙሉ የብስክሌት መንገድ ለመሥራት 50 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር መደበ። ዛሬ ከ20 በላይ ታላላቅ መንገዶች አሉ። ይህ ለተጓዡ ደስታ ነው፤ ለአሮጌው መንገድ ግን ውድድር ነው።

ወቅቱም አጭር ነው። ደንበኛ የሚበዛው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ነው። በመንገዱ አቅራቢያ ባለችው ኦፊር በ1995 ክረምት ከዜሮ በታች 21.6 ዲግሪ ተመዝግቧል። ስለዚህ ባለሆቴሉ የዓመቱን ወጪ ከግማሽ ዓመት ገቢ ማውጣት አለበት። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ድንበር ሲዘጋ የአገሩ ሰው ራሱ ዋና ደንበኛ ስለነበር ንግዱ አልሞተም። ሆኖም ከዱነዲን ወደ ሚድልማርች አቅጣጫ ይመጣ የነበረው የቱሪስት ባቡር በዚያው ዓመት መደበኛ ጉዞውን አቋረጠ።

ከሁሉም የሚከብደው የጥገናው ጥያቄ ነው። ዝናብ ጠጠሩን ያጥባል፤ የድልድዩ እንጨት ያረጃል። መንገዱ ሲበላሽ ሁሉም ይጎዳል፤ ሲጠገን ደግሞ ያላዋጣውም ከአዋጣው እኩል ይጠቀማል። ማኅበሩ ተጓዡ በየጣቢያው ማኅተም የሚያስመታበትን ትንሽ የጉዞ ደብተር በመሸጥና በእርዳታ ገንዘብ ያሰባስባል። ኬላ አቁሞ ማስከፈል ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የትኬቱ ዋጋ ተጓዡን ካሸሸ ከአልጋውና ከእራቱ የሚቀረው ገቢ ይበልጣል።

መንደሮቹ ባቡሩ ተመልሶ እንደማይመጣ ያውቃሉ። በጉም ወደ ቀድሞው ቁጥር የሚመለስ አይመስልም። በእጃቸው የቀረው 152 ኪሎ ሜትር ጠጠር ነው። መንገዱ ነፃ ነው፤ ጠጠሩ ግን በዋጋ ነው፣ ሂሳቡንም በየዓመቱ አንድ ሰው መክፈል አለበት።