ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምን ምን ይዳኛል?



የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምን ዓይነት ጉዳዮችን እንደሚያይ በክፍል ውስጥ ስጠይቅ፣ ዘወትር የማገኘው መልስ «ትልልቅ ጉዳዮችን» የሚል ነው። መልሱ ግማሽ እውነት ነው፤ ጉድለቱም ባለጉዳይን ይጎዳል።

ነጻ የሕግ ድጋፍ በምሰጥበት ዘመን፣ በውጭ አገር ፍርድ ቤት የተሰጠ የፍቺ ፍርድ እዚህ እንዲፈጸምላቸው የሚሹ አንዲት እናት ወደ እኔ መጥተው ነበር። ገንዘቡ ጥቂት በመሆኑ አቤቱታቸው የቀረበው ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነበር። ከብዙ ቀጠሮ በኋላ «ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት የማቅረብ መብታቸው የተጠበቀ ነው» ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ። መብታቸው ተጠበቀ፤ ያለፈው ጊዜ ግን አልተመለሰላቸውም።

ስሕተቱ ከሁለቱ መለኪያዎች አንዱን ብቻ ከማየት የመጣ ነው። በፍትሐ ብሔር የመጀመሪያው መለኪያ የክርክሩ ግምት ነው። አዋጅ ቁጥር 25/1988 ከ500,000 ብር በላይ የሆነውን ክርክር ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ሰጥቶ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መነሻውን ወደ 10 ሚሊዮን ብር ከፍ አደረገው። ሁለተኛው መለኪያ የጉዳዩ ባሕርይ ነው። የዜግነት ጥያቄና የውጭ አገር ፍርድን ማስፈጸም የገንዘቡ መጠን ሳይታይ ለዚሁ ፍርድ ቤት የተተዉ ናቸው፤ ከአንድ ሰው ንብረት አልፈው የአገርን ሉዓላዊነትና ከሌሎች አገሮች ጋር ያለውን ግንኙነት ይነካሉና።

በወንጀል ረገድ የብር ሚዛን የለም፤ የሚመዘነው የተጎዳው ጥቅም ነው። በሕገ መንግሥታዊ ሥርዓት ላይ የሚፈጸም ወንጀል፣ በበረራ ደኅንነት ላይ የሚቃጣ ጥቃት፣ የአደገኛ ዕፅ ዝውውር በምሳሌነት ይጠቀሳሉ። የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና የሌሎች የደርግ ባለሥልጣናት የዘር ማጥፋት ክስ የታየውም በዚሁ ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ በጥር 1999 ዓ.ም. በኮሎኔል መንግሥቱ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ሲወስን፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በይግባኝ በ2000 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ ሞት ለወጠው።

ከፍተኛው ፍርድ ቤት በይግባኝም ይዳኛል። በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የተወሰነ የአነስተኛ ገንዘብ ክርክር በይግባኝ ወደ እርሱ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩ የተጀመረበት ቦታ ባለጉዳዩ የሚወጣበትን የይግባኝ መሰላል ይወስናል።

በክልሎች ደግሞ ሌላ ገጽታ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል፤ በዚህ ሥልጣኑ በሰጠው ውሳኔ ላይ የሚቀርበው ይግባኝ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ለሩቅ አገር ባለጉዳይ ይህ የመንገድና የስንቅ ጥያቄ ጭምር ነው።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ የግዛት ሥልጣን መቃወሚያ በወቅቱ ካልተነሣ ሊታለፍ ይችላል። የሥረ ነገር ሥልጣን ግን ተከራካሪዎች ዝም ቢሉም ፍርድ ቤቱ ራሱ የሚያነሣው ጉዳይ ነው። መዝገብ ስትከፍቱ ከማስረጃው በፊት «ይህን ማን ይዳኘዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የእኒያ እናት ድካም የጀመረው ይህ ጥያቄ በመዘለሉ ነው።