ለተጎዳ እጅ የሚገባ መብት

ሠርቶ የሚያድር ሰው ሀብቱ ሁለት እጁ ነው። እጁ በተጎዳ ጊዜ የሚጎዳው ግን እርሱ ብቻ አይደለም፤ ከማዕዱ የሚቀርቡት ሚስቱና ልጆቹም ናቸው።

በድንጋይ መፍጫና በብረት መቍረጫ የሚሠሩ ሰዎች ጣታቸውን የሚያጡት ብዙ ጊዜ የቺንጋው መከለያ ተነሥቶ ሲቀር፥ ወይም ሞተሩ ሳይጠፋ መፍጫው ሲጠረግ ነው። ጓንት እንኳ ድንጋይ ለማንሣት ቢጠቅም፥ በሚሽከረከር ዕቃ አጠገብ ተጠምዝዞ እጅን ይዞ ይገባል።

ከአደጋው በኋላ ብዙ ቤተ ሰብ አሠሪው በቸርነቱ የሰጠውን ተቀብሎ ዝም ሲል እናያለን። ሕጉ ያዘዘው ግን ምጽዋት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰው ጉዳት ኀላፊ ያደርገዋል። በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት ትእዛዝ የጣሰ፥ ወይም ራሱን መቈጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ የገባ ሠራተኛ ግን ይህን መብት ሊያጣ ይችላል። የሕክምናውና የመድኃኒቱ ወጪ፥ ካስፈለገም የሰው ሠራሽ አካል ዋጋ በአሠሪው ላይ ነው። መሥራት ላልቻለውም፥ ከአንድ ዓመት ሳያልፍ፥ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙ፥ በሚቀጥሉት 3 ወራት ከመቶ 75 ያላነሰ፥ በቀሩት 6 ወራት ከመቶ 50 ያላነሰ ይከፈለዋል።

ስለዚህ ወገኖቻችን ሆይ፥ አደጋው የደረሰበትን ቀንና ያዩትን ሰዎች ስም ጻፉ፤ የሐኪሙን ማስረጃ በቤታችሁ አኑሩ፤ ባላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ፤ ለሥራ ሁኔታ ተቈጣጣሪም አስታውቁ። መብትን መጠየቅ ጠብ መፈለግ አይደለም፤ የልጆችን እንጀራ መጠበቅ ነው።