መጀመሪያ አንድ ክር መዝዛችሁ አቃጥሉ

መስቀል ሲቃረብ ወልቂጤና ቡታጅራ ይደምቃሉ። ከአዲስ አበባና ከየአገሩ የሚመለሰው ዘመድ ለመስከረም 17 ለመድረስ ይጣደፋል፤ ቀድሞ ያለውም ቅቤውን፣ ቆጮውን፣ የልጆቹን ልብስ ያሰናዳል። ለሁሉም አዲስ መግዛት ግን ለብዙ ቤት ይከብዳል። ጨርቁ ሳያልቅ ፀሐይ ያፈዘዘው ሱሪ ወይም ቀሚስ ደግሞ በአንድ ድስት ሙቅ ውኃና በቀለም መልኩ ሊመለስለት ይችላል። መሶብ የሚሰፉ እናቶች ሙያውን ያውቁታል፤ አክርማውን ነክረው አለላ የሚያደርጉት በዚሁ መንገድ ነው። ልብስ ግን ከሣር ይልቅ ጠባየ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ቀለም ከመግዛት በፊት ጨርቁን ማወቅ ይገባል።

ከልብሱ የውስጥ ጠርዝ አንድ የጨርቅ ክር መዝዛችሁ ለኩሱ። እንደ ወረቀት ሸትቶ ልል አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፤ ቀልጦ ጠጣር እንክብል ከሠራ ፖሊስተር ወይም ሌላ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ፖሊስተር በፋብሪካ የሚቀለመው በግፊት፣ እስከ 130 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ስለሆነ በቤት ድስት እሺ አይልም። የጥጥ ሱሪ ተነክሮ ሲወጣ ስፌቱ በድሮው ቀለም የሚቀረውም ክሩ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ስለሆነ ነው። ጥጥ ግን ታዛዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ኮንጎ ሬድ የተባለው ቀለም ከተገኘ ወዲህ፣ ሌላ ማያያዣ ሳያስፈልግ ጥጥን በጨውና በሙቅ ውኃ ብቻ መንከር ተችሏል። ጨው ቀለሙን ከውኃው ወደ ክሩ ይገፋዋል።

የልብስ ቀለም እንደ ግድግዳ ቀለም የነበረውን አይሸፍንም፤ በላዩ ይደመራል። ቢጫ ሸሚዝ በሰማያዊ ሲነከር አረንጓዴ፣ ቀይ ቀሚስ ደግሞ ወይን ጠጅ ይሆናል። መንገዱ ከፈካ ወደ ጠቆረ ነው። ለከል ጥቁር የተነከረ ነጠላ ሐዘኑ ሲያልፍ ተመልሶ ነጭ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ በረኪና ቢነካውም ብዙ ጊዜ ወደ ዝገት መልክ ይሄዳል። እንግዲህ ለከል የምትወዱትን ነጠላ አትንከሩ።

ቀለም ለማስለቀቅ በረኪናን የምትጠቀሙት ለጥጥ ብቻ ነው፤ ሱፍና ሐርን ይበላል። በፕላስቲክ ሳፋ፣ በቀዝቃዛ ውኃ አቅጥናችሁ፣ ደጅ ላይ፣ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሩት። ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። ቀለሙ ከለቀቀ በኋላ ልብሱን የበረኪናው ሽታ እስኪጠፋ አለቅልቁት።

ለመንከር ልብሱን አጥባችሁ እርጥቡን አቆዩት። የቀለሙን ዱቄት በትንሽ ሙቅ ውኃ አሟሙታችሁ በጨርቅ አጥልሉት፤ ያልሟሟ ቅንጣት ነጠብጣብ ይተዋል። ልብሱ እንደ ልብ የሚገላበጥበት ሰፊ ድስት ያዙ፤ ድስቱና ማማሰያው ዳግመኛ ለምግብ እንዳይገቡ። የተጠለለውን ቀለምና ጨውን በሙቅ ውኃ ውስጥ ጨምራችሁ ልብሱን አግቡት፤ ውኃው ሳይንተከተክ፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት አቆዩት። እርጥብ ልብስ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ በመልኩ ላይ በችኮላ አትፍረዱ።

የሚወርደው ውኃ እስኪጠራ አለቅልቃችሁ ጥላ ላይ አስጡት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት እጥበቶች ለብቻው እጠቡት፤ የተረፈው ቀለም ለመስቀል ያዘጋጃችሁትን ነጭ ነጠላ እንዳያበላሽባችሁ።