የኩምሳ ሞረዳ ግቢና የአያቶቻችን መንገድ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቻችንን ወዴት እንውሰድ የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሳል። ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ወለጋ የሚያቀና ቤተሰብ በነቀምት ከተማ የሚገኘውን የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ሳያይ ባይመለስ ይመረጣል። ቁርኣን ሰዎች በምድር ላይ ተጉዘው ከእነርሱ በፊት የነበሩትን ሕዝቦች ፍጻሜ እንዲያስተውሉ በበርካታ ሱራዎች ያሳስባልና፣ እንዲህ ያለው ጉዞ በኒያ ከተያዘ ከመዝናናት አልፎ ዒባዳም ይሆናል።

ይህ ሥፍራ በመስታወት ሣጥን የታጠረ አዳራሽ አይደለም። ሰፊ ግቢ ነው። መኖሪያው፣ ማድ ቤቱ፣ እስር ቤቱ ሳይቀር ለየብቻቸው ቆመዋል። ስለዚህ ሕፃናት «ዝም በል፣ አትንካ» እየተባሉ አይሰለቹም። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየዞሩ፣ ማን የት ይኖር እንደነበር ራሳቸው ይጠይቃሉ። ከሁሉም አብዝተው የሚጠይቁት ስለ እስር ቤቱ ነው፤ ወላጅም ያለ ማድበስበስ ይመልስላቸው።

ግቢው የተቆረቆረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1860ዎቹ ገደማ፣ የበከሬ ጎዳና ልጅ ሞረዳ የሌቃ ነቀምትን ግዛት ባስተዳደረበት ዘመን ነው። ሞረዳ በ1874 ከተካሄደው የእምባቦ ጦርነት በኋላ ከምኒልክ ጋር ከመዋጋት ይልቅ ተስማምተው ግብር መክፈልን መረጡ። ልጃቸው ኩምሳም ክርስትና ተነስተው ደጃዝማች ገብረእግዚአብሔር ተባሉ፤ ግዛቱንም እስከ 1910ዎቹ አስተዳደሩ። ግብሩ ባብዛኛው ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነበር።

እዚህ ላይ የእኛን ቤተሰቦች የሚነካው ጉዳይ ይመጣል። ያ ወርቅ፣ ቡናው፣ ዝባዱም በነጋዴ ትከሻና በአጋሰስ ጀርባ ነው የተጓዘው። ዐባይን ተሻግረው ከጎጃም ከሚመጡት ሲራራ ነጋዴዎች መካከል ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ከምዕራብም በቤኒሻንጉል በኩል ከሱዳን ጀላባዎች ይገቡ ነበር። በዚያው መንገድ የሰው ልጅም እንደ ዕቃ መሸጡን ለልጆች መደበቅ አይገባም። ባሪያ ነፃ ማውጣት በኢስላም ምን ያህል ታላቅ ምንዳ እንዳለው ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

የኩምሳ ቤት ደብዳቤዎቹን አስቀምጧል። ፕሮፌሰር ተሰማ ተኣ እና ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ እነዚህን የአማርኛ ሰነዶች ሰብስበው በመጽሐፍ አሳትመዋቸዋል፤ በመሆኑም የገዢው ቤት ታሪክ አልጠፋም። የነጋዴው አያታችን ታሪክ ግን የት አለ? የዱቤ ወረቀቱ፣ በዐረብኛ የጻፈው ውል፣ የቀራበት ኪታብ በሣጥን ሥር አይጥ ይበላዋል፤ ቤት ሲታደስም ከቆሻሻ ጋር ይጣላል። ስለዚህ ወደ ግቢው ስትሄዱ ከተቻለ አያትን ይዛችሁ ሂዱ። ሴት አያቶችማ ማን ከየት መጥቶ ማንን እንዳገባ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ከልጆቹ አንዱ ደብተር ይያዝ።

በከተማው የወለጋ ሙዚየምም አለ። የኦሮሞ ባህላዊ የቤት ዕቃዎች ይታዩበታል። ወንዶች ልጆች ግን የሚሮጡት ወደ ጣሊያን አውሮፕላን ስብርባሪ ነው። በሰኔ 1928 ከነቀምት አቅራቢያ ቦናያ ላይ ያረፉ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖችን የጥቁር አንበሳ አርበኞች አቃጥለው ጄኔራል ማሊዮኮን ከነመኮንኖቹ ገድለዋል። የቀንድ ዋንጫ አይተው «ምን ይጠጣበት ነበር?» ካሉ ደግሞ የጠጅንና የብርዝን ልዩነት ማስረዳት የእናት ፈንታ ነው። ሁለቱም ከማር ናቸው፤ አንዱ ያሰክራል፣ አንዱ ግን ለሙስሊም ሠርግ ይቀርባል።

ነቀምት ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ መንገዱ በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ ያልፋል። ተጓዥ ሶላቱን ማሳጠር ይፈቀድለታል። ከመነሳት በፊት ግን የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው መጠየቅ ግድ ነው። በቅርብ ዓመታት ወለጋ ብዙ ደም ፈሶባታል። ሰኔ 11 ቀን 2014 በጊምቢ ወረዳ በቶሌ ቀበሌ ከተገደሉት ብዙዎቹ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ቤተሰቦችና ልጆቻቸው ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። እነርሱም የወለጋ ታሪክ ናቸው። ያልተጻፈው የእነርሱም ነውና ከሞት የተረፉት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ።

ወደ ነቀምት መሄድ የማይችል የአዲስ አበባ ቤተሰብ ከሸጎሌ ሊጀምር ይችላል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከአሶሳው ገዢ ከሼኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን ነው። የእርሳቸው አሮጌ ቤተ መንግሥት የተሠራውም እዚያው ነው። በዚያ የሚያልፍ ታክሲ ረዳት በቀን ስንት ጊዜ «ሸጎሌ!» ብሎ እንደሚጣራ ልጆቻችሁ ይቁጠሩ፤ ከዚያም ስሙ ከየት እንደመጣ ጠይቋቸው።