የፓይተን ሙግት፦ አንድ የኮምፒዩተር ቋንቋ በማን ውሳኔ ይለወጣል?

ሐምሌ 5 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 12 ቀን 2018፣ ፓይተን የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ የሚያበለጽጉ ባለሙያዎች አንድ ኢሜይል ደረሳቸው። ላኪው የቋንቋው ፈጣሪ፣ ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮስም ነበሩ። ከእንግዲህ ወዲህ በቋንቋው ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እርሳቸው እንደማይሆኑ፣ ተተኪም እንደማይሾሙ አስታወቁ። ለአንድ የማሻሻያ ሐሳብ ይህን ያህል መታገልን፣ በመጨረሻም ውሳኔያቸው በብዙዎች ዘንድ ሲጠላ ማየትን ዳግመኛ እንደማይሹ ገለጹ። ለሠላሳ ዓመት ጥቂት እስኪቀረው የተሸከሙትን ኃላፊነት ያስጣላቸው ሙግት የተነሣው ሁለት ነጥብና የእኩል ይሆናል ምልክት ጎን ለጎን ተጽፈው በሚያስገኙት በዚህ ምልክት ነበር፦ :=

ነገሩ ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ሳያስቀው አይቀርም። ሆኖም ፓይተን የጥቂት ሰዎች መጫወቻ አይደለም። ኢንስታግራም የተገነባው በዚህ ቋንቋ ነው። በ2019 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን የጥቁር ጉድጓድ ምስል ያቀናበሩት ተመራማሪዎች የተጠቀሙባቸው መሣሪያዎች ከፊሎቹ በእርሱ የተጻፉ ናቸው። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያጠኑና የሚሠሩ ሰዎችም አብዛኛውን ሥራቸውን የሚያከናውኑት በፓይተን ነው። በዚህ ቋንቋ ሰዋስው ላይ የሚደረግ ለውጥ ሚሊዮኖች በየቀኑ በሚጽፉትና በሚያነቡት ላይ የሚደረግ ለውጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፓይተን ባለሙያዎች ስክሪፕቲንግ ከሚሏቸው ቋንቋዎች ወገን ነው። የኮምፒዩተር ፕሮሰሰር የሚረዳው የራሱን የቁጥር ትእዛዝ ብቻ ስለሆነ፣ ሰው የጻፈው ፕሮግራም ሁሉ ወደዚያ መተርጎም አለበት። ይህ በሁለት መንገድ ሊፈጸም ይችላል። አንደኛው እንደ መጽሐፍ ትርጉም ነው፤ ጽሑፉ አስቀድሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተረጎማል፣ ከዚያም የተተረጎመው ብቻ በሥራ ላይ ይውላል። ሁለተኛው በጉባኤ መካከል ቆሞ እንደሚያስተረጉም ሰው ነው፤ ተናጋሪው አንድ ነገር ሲል እርሱ ወዲያው ያሰማል። ስክሪፕቲንግ ቋንቋዎች የሁለተኛውን ጠባይ ይዘዋል። ጸሐፊው አንድ መስመር ጽፎ ውጤቱን በቅጽበት ያያል፣ ቢሳሳት ያርማል፣ እንደገና ይሞክራል። ዋጋው ፍጥነት ነው፤ አስተርጓሚው ሁልጊዜ በመካከል ስላለ ፕሮግራሙ ይዘገያል። ፓይተን ይህን ድካሙን የሚሸፍነው ከባዱን ስሌት ሲን በመሳሰሉ ፈጣን ቋንቋዎች ለተጻፉ መሣሪያዎች በማሸከም ነው።

ቫን ሮስም ሥራውን የጀመሩት በ1989 በገና ዕረፍት ሰሞን ሲሆን፣ በወቅቱ በአምስተርዳም የሒሳብና የኮምፒዩተር ሳይንስ ብሔራዊ የምርምር ማዕከል ተቀጣሪ ነበሩ። በ1991 የመጀመሪያውን እትም በነጻ ለሕዝብ አቀረቡ። ስሙ ከዘንዶ ጋር ዝምድና የለውም፤ የተወሰደው ሞንቲ ፓይተን ከተባለው የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ቀልድ ቡድን ነው። የቋንቋው ተወዳጅነት የመነጨው በቀላሉ ሊነበብ በመቻሉ ነው። በሌሎች ቋንቋዎች የአንድ ክፍል መጀመሪያና መጨረሻ በቅንፍ ሲታወቅ፣ በፓይተን ግን መስመሩ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በመጻፉ ብቻ ይለያል።

ተጠቃሚው ሲበዛ የሚያሻሽሉትም በዙ፤ አብዛኞቹም በፈቃዳቸው፣ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ነበሩ። በ2000 አንድ ሥርዓት ተበጀ። ለውጥ የሚፈልግ ሰው ሐሳቡን፣ ምክንያቱን፣ የሚያስከትለውን ጣጣና ውድቅ የተደረጉትን አማራጮች ሳይቀር በሰነድ አዘጋጅቶ ያቀርባል። ይህ ሰነድ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ፔፕ ይባላል። ከዚያ በኢሜይል ሙግት ይከፈታል፤ ማንም ሰው ከየትም አገር ሆኖ አስተያየቱን ሊጽፍ ይችላል። ሙግቱ ሲያበቃ የሚወስኑት ግን ቫን ሮስም ነበሩ። ማዕርጋቸውም በቀልድ የወጣላቸው «ቸሩ የዕድሜ ልክ አምባገነን» የሚል ነበር። ቀልድነቱ እንዳለ ሆኖ፣ የሁሉም ቅሬታ በመጨረሻ የሚያርፈው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መሆኑን በትክክል ይናገራል።

ከሙግቶቹ ሁሉ ረጅሙና ውድ ዋጋ ያስከፈለው ግን የ2018ቱ አልነበረም። እርሱም ፊደል ምንድን ነው በሚል ጥያቄ ላይ የተነሣው ነው፤ እኛን የግዕዝ ፊደል ተጠቃሚዎችንም በቀጥታ ይነካል።

ኮምፒዩተር ጽሑፍን የሚያስቀምጠው ባይት በሚባሉ ትናንሽ የቁጥር ክፍሎች ነው። ለእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይበቃል። የግዕዝ ፊደላት በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ሲገቡ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው፤ ለምሳሌ «ሀ» 4608ኛ ናት። በዛሬው የኢንተርኔት አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የቀድሞው ፓይተን፣ ማለትም ሁለተኛው ትውልድ፣ ተራ ጽሑፍን የሚያየው እንደ ባይት ሰልፍ ነበር። «ሰላም» የሚለው ቃል ስንት ፊደል እንዳለው ሲጠየቅ ሦስት ሳይሆን ዘጠኝ ብሎ ይመልሳል። የመጀመሪያውን ፊደል ስጠኝ ሲባል የ«ሰ»ን ሲሶ ቆርጦ ይሰጣል፤ ያም በስክሪን ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል።

በርግጥ ከ2000 ጀምሮ ዩኒኮድን የሚያውቅ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ጎን ለጎን ገብቶ ነበር። ነገር ግን ሁለቱን ቀላቅሎ መጻፍ ስለሚፈቀድ ችግሩ ተሰወረ እንጂ አልተፈታም። አንድ ባለሙያ ፕሮግራሙን በእንግሊዝኛ ስሞች ሞክሮ ደኅና መሆኑን አረጋግጦ ለደንበኞች ያቀርባል። ከዕለታት አንድ ቀን «ጫልቱ» ብላ ስሟን በራሷ ፊደል የጻፈች ደንበኛ ስትመጣ ሁሉም ነገር ይቆማል። ስሕተቱ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ እዚያው ነበር፤ የሚገለጠው ግን እንግሊዝኛ ያልሆነ ፊደል ሲመጣ ብቻ ነው።

በዲሴምበር 2008 የወጣው ሦስተኛው ፓይተን ይህን ሥር ነቅሎ ጣለ። ጽሑፍ ጽሑፍ ነው፣ ባይት ባይት ነው፤ ሁለቱን ያለ ግልጽ ትእዛዝ ማደባለቅ ክልክል ነው። «ሰላም» ሦስት ፊደል ሆነ። ሌሎች ጉድለቶችም በዚያው ታረሙ። ለምሳሌ 7 ለ2 ሲካፈል ቀድሞ 3 ብቻ ይል የነበረው አሁን 3.5 ማለት ጀመረ። ይሁን እንጂ በአሮጌው የተጻፈው ፕሮግራም በአዲሱ ውስጥ ሳይታረም አይሠራም ነበር። ቁጣው ነደደ። ትልልቅ ድርጅቶች እጅግ ብዙ ኮድ በእጃቸው ይዘው ቀሩ። አንዱ መሣሪያ በሌላው ላይ ስለተመሠረተ ሁሉም ሌላው ቀድሞ እንዲሻገር ይጠብቅ ጀመር። አሮጌው እትም በ2015 ድጋፍ ያቆማል የተባለው ወደ 2020 ተገፋ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 በኋላ ጥገናው ቀረ። ሽግግሩ በጠቅላላው ከዐሥራ አንድ ዓመት በላይ ወስዷል።

የተቃዋሚዎቹን ቅሬታ እንደ ግትርነት ብቻ መቍጠር አይገባም። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚሠራ ሰው ያልተበላሸበትን ነገር በራሱ ጊዜና ወጪ እንዲጠግን ተጠይቋል። ጥቅሙ በአብዛኛው የሄደው ወደ አማርኛ፣ ዐረብኛ፣ ሕንድኛና ቻይንኛ ጸሐፊዎች ሲሆን፣ ከእነዚህ አብዛኞቹ በሙግቱ ውስጥ ድምፅ አልነበራቸውም። በዚህ ጸሐፊ ዕይታ ውሳኔው ትክክል ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን የመሸጋገሪያ ድልድዩን ሳያጠናክር ወንዝ ተሻገሩ እንደ ማለት ሆኗል።

አሁን ወደ ትንሿ ምልክት እንመለስ። አንድ ነጋዴ ቡና በሚዛን ላይ ያስቀምጣል እንበል። በቀድሞው ሰዋስው ሁለት ዐረፍተ ነገር ያስፈልገዋል፦ «የዚህን ክብደት ክ በለው። ክ ከአምስት ኪሎ ከበለጠ ለብቻ አስቀምጥ።» አዲሱ ምልክት ሁለቱን በአንድ ያጠቃልላል፦ «የዚህ ክብደት፣ ክ ልበለውና፣ ከአምስት ኪሎ ከበለጠ ለብቻ አስቀምጥ።» ስም ማውጣትና መጠየቅ በአንድ ትንፋሽ ይፈጸማሉ። ምልክቱ ወደ ጎን ሲያዩት ሁለት ዐይንና ሁለት ረጃጅም ጥርስ ስለሚመስል ዋልረስ በተባለው የባሕር እንስሳ ስም ይጠራል።

ደጋፊዎቹ ድግግሞሽን ይቀንሳል አሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የቋንቋው ውበት ግልጽነቱ ነው፤ አንድን ነገር ለመግለጽ ሁለት መንገድ ከተከፈተ ጀማሪ ይደናገራል፣ አንባቢም ይደክማል አሉ። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። ለወራት በመቶ የሚቈጠሩ ኢሜይሎች ተለዋወጡ፤ ብዙዎቹም የተባለውን ደግመው ከማለት ያለፈ ነገር አልነበራቸውም። ቫን ሮስም ሐሳቡን ካጸደቁ በኋላ እንኳ ንዴቱ አልበረደም።

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ኖርዝኮት ፓርኪንሰን በ1957 ባሳተሙት ጽሑፍ ስለ ሸንጎዎች አንድ ጠባይ ተናግረው ነበር። የኒውክሌር ማብላያ ግንባታን በደቂቃዎች የሚያጸድቅ ጉባኤ በሠራተኞች የብስክሌት ማቆሚያ ላይ ሲከራከር ይውላል፤ ማብላያውን የሚረዳው ጥቂት ሰው ሲሆን ብስክሌት ማቆሚያን ግን ሁሉም ያውቃል። ፕሮግራመሮች ይህን ምሳሌ ስለ ራሳቸው ደጋግመው ይጠቅሱታል። ግን ለዋልረሱ ሙግት ሙሉ በሙሉ የሚስማማ አይመስለኝም። ፕሮግራመር ኮድን ከሚጽፍበት ይልቅ የሚያነብበት ጊዜ ይበልጣል፤ በየቀኑ የሚያየው ምልክት ቢያስቈጣው የሚደንቅ አይደለም። የከፋው የክርክሩ ርእስ ማነሱ ሳይሆን፣ አንድ ሰው ሁሉንም ኢሜይል እንዲያነብ፣ ለሁሉም እንዲመልስና የሁሉንም ንዴት እንዲቀበል መጠበቁ ነበር።

አምባገነኑ ሲሄዱ የቀሩት ባለሙያዎች ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበትን ሕግ ማውጣት ነበረባቸው። ሰባት የተለያዩ የአስተዳደር ሐሳቦች ቀረቡ፤ አዲስ ብቸኛ መሪ ይመረጥ የሚልም ከመካከላቸው ነበር። በዲሴምበር 2018 በተሰጠው ድምፅ አምስት አባላት ያሉት የአመራር ምክር ቤት እንዲቋቋም ተወሰነ። ቋንቋው በአንድ ኩባንያ እጅ እንዳይወድቅም ከአንድ ቀጣሪ ሁለት ሰው ብቻ እንዲገባ ተደነገገ። በ2019 መጀመሪያ በተካሄደው ምርጫ ቫን ሮስም ከአምስቱ አንዱ ሆነው ተመለሱ፤ በዚህ ጊዜ ግን ድምፃቸው ከአምስት አንድ ነበር። ዋልረሱም በዚያው ዓመት ኦክቶበር በፓይተን 3.8 ውስጥ ወጣ። ምክር ቤቱ ከዚያ ወዲህ ከዋልረሱ የከበዱ ጉዳዮችን ወስኗል፤ በ2023 የቋንቋውን ውስጣዊ አሠራር ከመሠረቱ የሚነካ ሐሳብ ሲያጸድቅ ማንም ብቻውን ሸክሙን አልተሸከመም።

በሦስተኛው ፓይተን ሌላም ነገር ተፈቅዷል። ፕሮግራመር በኮዱ ውስጥ ለሚፈጥራቸው ነገሮች በራሱ ፊደል ስም ሊያወጣላቸው ይችላል፤ «ዋጋ» ወይም «ደንበኛ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ይህም ያለ ሙግት አልሆነም። በጃፓንኛ ወይም በአማርኛ ስም የተጻፈን ኮድ ሌላው ዓለም እንዴት አንብቦ ያርማል የሚል ስጋት ተነሥቶ ነበር። በመጨረሻ ለሁሉም ሰው ተፈቀደ፤ የቋንቋው የራሱ መሣሪያዎች ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ እንዲጻፉ ተወሰነ። «ከሆነ» እና «አለበለዚያ» የሚሉት ቍልፍ ቃላትም እስካሁን እንግሊዝኛ ናቸው።

በአማርኛ ለሚሞክር ሰው ጥቂት ወጥመዶች አሉ። የእኛ ሁለት ነጥብና የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ ለዐይን መንትዮች ቢሆኑም በዩኒኮድ መዝገብ የተለያዩ ናቸው፤ ፓይተን የሚቀበለው የእንግሊዝኛውን ብቻ ነው። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለፓይተን ግን ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ናቸው። በአንዱ የተመዘገበን ስም በሌላው የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ይህን ማስታረቅ የፕሮግራሙ ጸሐፊ ፈንታ ነው።

የግዕዝ አኃዝ ደግሞ የባሰ ይገርማል። «፩» አኃዝ ነውን ተብሎ ሲጠየቅ ፓይተን አዎ ይላል፤ ወደ ቁጥር ለውጠው ሲባል ግን ስሕተት ነው ብሎ ይቆማል። ምክንያቱ ያለው በሥርዓቱ ውስጥ ነው። ትእዛዙ የሚሠራው ዜሮ ላላቸውና የአኃዙ ዋጋ በቦታው ለሚወሰን አጻጻፎች ሲሆን፣ ግዕዝ ዜሮ የለውም፤ ለዐሥርና ለመቶም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። «፳፻፲፯» የሚለው ዓመት ሃያ ጊዜ መቶ፣ ሲደመር ዐሥር፣ ሲደመር ሰባት ነው። የእያንዳንዱን ምልክት ዋጋ ፓይተን ከዩኒኮድ መዝገብ አውጥቶ ይነግራል፤ ማባዛቱንና መደመሩን ግን ፈላጊው ራሱ በጥቂት መስመሮች መጻፍ ይኖርበታል።