የመስኖ ውሃ መውጫው በየት ነው?

የእንጦጦ ተረተር ውሃን ለሁለት ይከፍላል፤ ወደ ሰሜን የወረደው ዓባይን፣ ወደ ደቡብ የወረደው አዋሽን ይቀላቀላል። የአዲስ አበባው የየካ ሰው የሚያውቀው የቀበና ወንዝ ከደቡቡ ወገን ነው። ከግንፍሌና ከባንተ ይቀጡ ጋር ተገናኝቶ በትልቁ አቃቂና በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አያገኝም፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በዚህ ረጅም መንገድ ከተዘረጉት መስኖዎች ብዙዎቹ ውሃው በየት እንደሚገባ እንጂ በየት እንደሚወጣ ሳይታሰብላቸው የተጀመሩ ናቸው።

ቀበና ከተራራው ንጹሕ ሆኖ ይነሳና በየሰፈሩ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ይቀበላል። በትንሹ አቃቂ ላይ የቆዳ ፋብሪካዎች ክሮሚየም ይጨመራል። በአቃቂ ወንዞች ዳር አትክልተኞች ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን የሚያጠጡት በዚህ ውሃ ነው። ጥናቶች በአፈሩም በቅጠሉም ውስጥ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ጥፋቱን አትክልተኛው ላይ መጫን ግን ግፍ ነው፤ በባዶ እግሩ ቦዩ ውስጥ የሚቆመው እሱ ነው፣ ሌላ ውሃም አላቀረብንለትም።

የከፋው ጉዳት ያለው ታች፣ መካከለኛው አዋሽ ላይ ነው። በአሚባራና በመልካ ሰዲ ሰፋፊ የጥጥና የሙዝ እርሻዎች ሲከፈቱ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከአሥር ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ነበር። ማሳው ከሚፈልገው በላይ ውሃ ጠጣ፤ ትርፉ የሚወጣበት ማፋሰሻ አልነበረም። በጥቂት ዓመታት ውሃው ወደ ሰብሉ ሥር ተጠጋ። የቆላው ፀሐይ ውሃውን ሲያተነው ጨው ከላይ ይቀራል፤ መሬቱ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ዘግይቶ ከመሬት በታች የማፋሰሻ ቱቦ ተቀበረ፤ ጠጋኝ ሲያጣ ግን ብዙም አልዘለቀም። የተተወውን ማሳ እሾሃማው የፕሮሶፒስ ዛፍ ወረሰው።

መስኖ በተቃራኒው ውሃን ጨርሶ ሊያጠፋም ይችላል። የሐረማያ ሐይቅ ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ሲሳብ ኖሮ፣ ደለልም ተጨምሮበት፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ነበር።

መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ሐይቅ ግን በ1950ዎቹ ከነበረበት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ40 በላይ ደርሷል። ገሚሱ ተመራማሪ ከአካባቢው እርሻዎች የሚሰርገውን ትርፍ ውሃ፣ ሌላው የከርሰ ምድር ፍል ውሃን ምክንያት ያደርጋል፤ የሁለቱ ድምር ነው የሚሉም አሉ። ሐይቁ የግጦሽ መሬት ውጦ የድሬዳዋን መንገድና የባቡር ሐዲድ ተፈታተነ። መስፋፋቱን ለመግታት ጨዋማ ውሃው እየተመጠነ ወደ አዋሽ እንዲለቀቅ ተደረገ። ከዚያ በታች አሚባራ ማሳውን፣ የአፋር አርብቶ አደርም ከብቱን የሚያጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው።